በሌሉበት የተቆረጠ ዋጋ

ያልተደራጀ ሠራተኛ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን ዋጋውን የሚቆርጥለት አሠሪው ነው። የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የዲትሮይቱ ኮከብ ቴድ ሊንዚ እ.ኤ.አ. በ1957 ተጫዋቾችን በማኅበር ለማሰባሰብ ቢነሣ፣ ክለቡ በዚያው ዓመት ለቺካጎ አሳልፎ ሰጠው፤ ውጥኑም ከሸፈ። ጸንቶ የቆመው ማኅበር የተመሠረተው በ1967 ነበር።

ይሁን እንጂ መደራጀት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። በ1993 አሌክሳንደር ዴግል በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ከኦታዋ ጋር የ5 ዓመት፣ የ12.25 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። የክለብ ባለቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ሊገቱ ቆረጡ። በ1994 መጸው የሊጉን በር ዘጉ፤ በጥር 1995 በተደረሰው ስምምነትም የጀማሪዎች ደመወዝ ጣሪያ ተበጀለት፤ ለዚያ ዓመት ምልምሎች በዓመት 850,000 ዶላር። ጣሪያው የተጣለባቸው ወጣቶች በድርድሩ ወንበርም ድምፅም አልነበራቸውም። ነባሮቹ ግን ከጣሪያው ውጪ ሆነው ፈረሙ።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ የ2004/05 ውድድር በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ፣ የእያንዳንዱ ክለብ ጠቅላላ ደመወዝ በ39 ሚሊዮን ዶላር ተገደበ። ጣሪያው ለነባሮቹም ደረሰ። በሌሉ ሰዎች መብት የሚደራደር ማኅበር የነገ አቅሙን አስቀድሞ ይሸጣል። ልብ ያለው ልብ ይበል!