ኖኃዊ፦ የአንድ ቃል ፍቺና ሰባተኛው ትእዛዝ ያስነሣው ክርክር

ኖኃዊ የሚባለው በትውልዱ አይሁዳዊ ያልሆነ፣ ወደ ይሁዲነትም ያልገባ፣ ነገር ግን የአይሁድ ሊቃውንት እግዚአብሔር በአዳምና በኖኅ በኩል ለሰው ልጅ ሁሉ ሰጥቷቸዋል የሚሏቸውን ሰባት ትእዛዛት የሕይወቱ ሕግ አድርጎ የተቀበለ ሰው ነው። በዕብራይስጥ «ብኔ ኖአሕ» የሚለው ስያሜ ቃል በቃል «የኖኅ ልጆች» ማለት ሲሆን፣ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ ስብስብ የሆነው ታልሙድ በዚህ ስም የሚጠራው ከአይሁድ ውጭ ያለውን የሰው ዘር በሙሉ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት መሠረት ከጥፋት ውኃ በኋላ ምድርን የሞሉት ሁሉ ከኖኅና ከሦስቱ ልጆቹ የወጡ ናቸውና። ይኸው ስም ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ግን ሰባቱን ትእዛዛት ዐውቀውና ወደው ለተቀበሉ ሰዎች መጠሪያ እየሆነ በመምጣቱ አንዱ ቃል ጠባብና ሰፊ ፍቺ ይዟል። ለሰፊው ፍቺ ከግእዝ የሚገኘው «ደቂቀ ኖኅ» በቂ ነው፤ «ደቂቀ አዳም» ሲባል የሰው ዘር ሁሉ፣ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» ሲባል ደግሞ በ15ኛው መቶ ዓመት አባ እስጢፋኖስን የተከተሉት መነኮሳት እንደሚታሰቡ፣ «ደቂቅ» ዘርንም ተከታይንም የመያዝ ዐቅም አለው። ትእዛዛቱን የተቀበለውን ግለሰብ ለይቶ ለመጥራት ግን «ኖኃዊ»፣ ለብዙ «ኖኃውያን»፣ ለአስተሳሰቡም «ኖኃዊነት» ማለት ይሻላል፤ በጽሑፍ ጊዜ እረኛ ማለት ከሆነው «ኖላዊ» ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ብቻ ያስፈልጋል።

ሰባቱ ትእዛዛት ተዘርዝረው የሚገኙት ቶሴፍታ በሚባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ ስብስብና በባቢሎን ታልሙድ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል ነው። ጣዖት ማምለክ፣ የእግዚአብሔርን ስም መሳደብ፣ ነፍስ መግደል፣ በዝሙትና በዘመድ መካከል በሚፈጸም ሩካቤ መርከስ፣ መስረቅ፣ ከሕያው እንስሳ የተቆረጠ ብልት መብላት የተከለከሉ ናቸው፤ ከእነዚህ ስድስት «አታድርግ» የሚሉ ሕግጋት ቀጥሎ «አድርግ» የሚለው ብቸኛው ሰባተኛ ትእዛዝ ዳኝነትን ማቆም ነው። ለዚህ ለመጨረሻው ዕብራይስጡ የሚጠቀምበት «ዲኒም» የሚለው ቃል «ዕለተ ደይን» በሚለው ውስጥ ካለው የግእዝ «ደይን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የታልሙዱ ሊቅ ረቢ ዮሐናን ሰባቱንም እግዚአብሔር አዳምን ከገነት ዛፎች እንዲበላ ባዘዘበት በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 16 ካሉት ቃላት አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፤ ይህ አወጣጥ ለዘመኑ አንባቢ የተጠማዘዘ ቢመስል አያስደንቅም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ለኖኅ የተነገረው፣ ሥጋን ከነነፍሱ እንዳይበላና የሰው ደም ከሚያፈስስ ሰው እንደሚፈለግ የሚያዘው ቃል ግን ያለ ብዙ ድካም የትእዛዛቱን መሠረት ያሳያል።

ኖኅ ለልጆቹ ሕግ አስተማረ የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሙሉው ጽሑፍ እስከ ዛሬ በግእዝ ብቻ የተጠበቀው፣ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮቹም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ኖኅ የልጅ ልጆቹን ጽድቅን እንዲያደርጉ፣ ኀፍረተ ሥጋቸውን እንዲሸፍኑ፣ ፈጣሪን እንዲባርኩ፣ አባትና እናታቸውን እንዲያከብሩ፣ ባልንጀራቸውን እንዲወድዱ፣ ከዝሙትና ከርኩሰት እንዲርቁ ማዘዙን ይተርካል። ከታልሙዱ ዝርዝር ጋር በብዙው ቢቀራረብም ዳኝነትን የማቆም ትእዛዝ በዚያ ተለይቶ አልተጠቀሰም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ላይ የኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ ወገን ላመኑት ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ የወሰነውንም ብዙ ተመራማሪዎች ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር አያይዘው ያነቡታል፤ ከአሕዛብ የሚመጣ ሰው ሙሉውን የሙሴን ሕግ ሳይሸከም ለእግዚአብሔር መገዛት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነውና።

ትእዛዛቱ ሲታዩ አጫጭር ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ዝርዝር ሕግ አላቸው፤ ስለ እንስሳ ብልት የተነገረው ጥሩ ማሳያ ነው። አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ (1138–1204 እ.ኤ.አ.) «ሚሽኔ ቶራ» በተባለው የሕግ መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ አንድ እንስሳ ጉሮሮውና የምግብ ቧንቧው ተቆርጦ ቢታረድም እንኳ ገና እየተንፈራገጠ ሳለ ከሥጋው የተቆረጠው ለደቂቀ ኖኅ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ኖኃዊ ቄራ ውስጥ የሚጠይቀው በሬው በማን እጅ እንደታረደ ወይም ምን ተብሎ እንደተባረከ አይደለም፤ ቢላዋው ሥጋው ላይ ያረፈው እንስሳው ፈጽሞ ከተረጋጋ በኋላ ነው ወይ ብሎ ነው። ቁርጥ ለሚወድ አንባቢ ይህ የሥጋውን ጥሬነት የሚከለክል ሊመስለው ይችላል፤ ሕጉ ግን ስለ መብሰልና አለመብሰል የሚለው ነገር የለም።

ማይሞኒደስ ከዚህ የበለጠ ያከራከረ አንድ ዐረፍተ ነገርም ትቷል። ሰባቱን ትእዛዛት እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ስላዘዛቸው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከአሕዛብ ጻድቃን አንዱ ነው፣ በሚመጣውም ዓለም ድርሻ አለው፤ አእምሮው ስላሳመነው ብቻ የሚጠብቃቸው ግን ከጻድቃናቸው አይቆጠርም ይላል። በታተሙት መጻሕፍት «ከጠቢባኖቻቸውም አይደለም» የሚል ሲከተል፣ በእጅ ጽሑፎች ግን «ከጠቢባኖቻቸው እንጂ» የሚል ይነበባል፤ ልዩነቱ በዕብራይስጥ አንዲት ፊደል ናት። አይሁዳዊው ፈላስፋ ሞሰስ ሜንደልስዞን እ.ኤ.አ. በ1773 ለረቢ ያዕቆብ ኤምደን በጻፈው ደብዳቤ፣ ኦሪት ያልደረሳቸው ሕዝቦች በልቡናቸው ብርሃን ተመርተው መልካም ቢሠሩ እንዴት ድርሻ ያጣሉ ብሎ መከራከሩ የታወቀ ነው። «የአሕዛብ ጻድቃን» የሚለው ይኸው ስም በዘመናችን ሌላ ሥራም ስለያዘ አንባቢ ሊለየው ይገባል፤ በኢየሩሳሌም የሚገኘው ያድ ቫሼም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በናዚ ዘመን ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው አይሁድን ያዳኑ ሰዎችን በዚሁ መጠሪያ ያከብራል፣ ይህም ከኖኃዊነት ጋር በቀጥታ የሚያያዝ አይደለም።

ለክርስቲያን አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው፣ በሥላሴ ማመን በመጀመሪያው ትእዛዝ ፊት እንዴት ይታያል የሚለው ነው። የአይሁድ ሊቃውንት መልስ አንድ አይደለም። ማይሞኒደስ እስልምናን ከጣዖት አምልኮ ነጻ አድርጎ ክርስትናን ግን ከዚያው ሲመድብ፣ ከአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ተንታኞች የሚመነጨው ሌላው አካሄድ ደግሞ «ሺቱፍ»፣ ማለትም ፈጣሪን እያመኑ ሌላን ከእርሱ ጋር ማጋራት፣ ለአይሁድ እንጂ ለደቂቀ ኖኅ አልተከለከለም ይላል። የፐርፒኛኑ ረቢ መናሕም ሜኢሪ በበኩሉ በሃይማኖት ሥርዐት የተገሩ ሕዝቦች ከጥንት ጣዖት አምላኪዎች ጋር ጨርሶ እንደማይቆጠሩ ጽፏል። በዛሬ ኖኃውያን ዘንድ የሜኢሪ ሰፊ አመለካከት ብዙም የማይሰማው፣ ብዙዎቹ ከክርስትና ወጥተው የመጡ በመሆናቸው ይመስላል፤ የተዉትን ቤት ለዘብ ባለ ቃል የሚገልጹ ሰዎች ምንጊዜም ጥቂት ናቸው።

ቃሉ ለግለሰብ መጠሪያነት የበቃበትን መንገድ ከማንም በላይ የሚያሳየው የኤሜ ፓሊዬር ታሪክ ነው። በሊዮን ከተማ በካቶሊክ ቤተ ሰብ ያደገው ይህ ፈረንሳዊ (1868–1949) በወጣትነቱ በስርየት ቀን መዝጊያ ጸሎት ወደ ምኩራብ ገብቶ ባየው ነገር ተማርኮ የኋላ ኋላ ይሁዲነትን ለመቀበል ሲወስን፣ ምክር የጠየቀው በጣሊያን የሊቮርኖን ረቢ ኤሊያ ቤናሞዜግን ነበር። ረቢው ወደ ይሁዲነት እንዲገባ አላደፋፈረውም፤ የ613ቱ የኦሪት ትእዛዛት ቀንበር የእስራኤል የክህነት አገልግሎት መሆኑን፣ ለቀረው የሰው ዘር ደግሞ ከዚያ የማያንስ እውነተኛ የኖኅ ሃይማኖት መኖሩን አስረድቶ፣ በዚያው እንዲቆም መከረው። ቤናሞዜግ እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሞት ያልተጠናቀቀውን «እስራኤልና የሰው ልጅ» የተሰኘ ትልቅ ሥራውን ለኅትመት ያዘጋጀው ፓሊዬር ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1914 በፓሪስ ወጣ። ከዚያ በፊት የእንግሊዙ ሊቅ ጆን ሴልደን በ1640 ሰባቱን ትእዛዛት የተፈጥሮ ሕግ መሠረት አድርጎ ሰፊ የላቲን ድርሳን ጽፎባቸው ነበር፤ ሴልደን ግን ሕጉን አጠና እንጂ ኖኃዊ አልሆነም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ ቴክሳስና ቴነሲ አንዳንድ የባፕቲስት ሰባክያን ከነምእመናናቸው ወደዚህ መንገድ ሲገቡ፣ በኒው ዮርክ የሉባቪች ሐሲዳውያን መሪ የነበሩት ረቢ መናሕም ሜንደል ሽኔርሶን (1902–1994) ደግሞ ሰባቱን ትእዛዛት ለዓለም ማስተማርን የተከታዮቻቸው ሥራ አደረጉት። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ለእርሳቸው ክብር ብሎ አንድ ቀን «የትምህርት ቀን» ብሎ ሲሰይም በሕጉ መግቢያ ላይ ሰባቱን የኖኅ ሕግጋት የሥልጣኔ መሠረት አድርጎ ጠቀሰ። ይህ ሕግ ክርስቲያኖችን አንገት ለማስቀላት የተዘጋጀ ነው የሚለው በየጊዜው የሚናፈስ ወሬ ሐሰት ነው፤ ሕጉ ቀን ከመሰየም በቀር ወንጀልም ቅጣትም የለበትም። ወሬው ሥር የያዘው ታልሙድ ትእዛዛቱን ለሚጥስ የሞት ፍርድ ስለሚያስቀምጥ ነው፤ ይህንን ደብቆ ማለፍም ሐቀኝነት አይሆንም፣ ነገር ግን ዛሬ ያንን ፍርድ የሚፈጽም ፍርድ ቤት በየትም አገር የለም።

የኖኃዊ ሕይወት በሥርዐተ አምልኮ የተሞላ አይደለም። ታልሙድ አሕዛብ ሰንበትን እንደ አይሁድ እንዳያከብሩ ይከለክላል፤ ማይሞኒደስም ከራስ አውጥቶ አዲስ ሃይማኖትና በዓል መፍጠርን አጥብቆ ይቃወማል። በመሆኑም ኖኃዊው የሳምንቱን የኦሪት ምንባብ ከማጥናትና በራሱ ቃል ከመጸለይ ሌላ ብዙ የሚያደርገው የለውም፣ የተረፈው ጉልበቱም ብዙ ጊዜ የዓለምን ዜና በትእዛዛቱ ወደ መመዘን ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ በእስራኤል ላይ ካደረሰው ጥቃትና በጋዛ ከተከተለው ጦርነት ወዲህ ይህ ምዘና እጅግ ከባድ ሆኗል፤ የከበደውም ሰባተኛው ትእዛዝ ዳኝነትን የሚመለከት በመሆኑ ነው።

ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ዋናው ክርክር የሚነሣው ከዘፍጥረት ምዕራፍ 34 ነው። የኤሞር ልጅ ሴኬም የያዕቆብን ልጅ ዲናን ወስዶ አስነወራት፤ ወንድሞቿ ስምዖንና ሌዊ የከተማዋን ወንዶች ሁሉ በሰይፍ ገደሉ። ማይሞኒደስ ድርጊቱን በሕግ ያስደግፈዋል፤ የከተማዋ ሰዎች ሴኬም ሲበድል እያዩ፣ እያወቁም ስላልፈረዱበት ዳኝነትን የማቆም ትእዛዝ ጥሰዋል፣ በዚህም ሞት ተፈርዶባቸዋል ይላል። የጂሮናው አይሁዳዊ ሊቅ ናህማኒደስ (1194–1270) ይህንን አልተቀበለም፤ ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ያዕቆብ ራሱ ቀድሞ በፈረደባቸው ነበር፣ በልጆቹ ላይ ለምን ተቆጣ፣ በሞቱም ጊዜ ቍጣቸውን ለምን ረገመ ብሎ ይጠይቃል። ሰዎቹ ክፉዎች ቢሆኑ እንኳ ፍርዱ ለያዕቆብ ልጆች አልተሰጠም። ከዚህም በላይ ለናህማኒደስ ሰባተኛው ትእዛዝ ወንጀለኛን ከመቅጣት ይሰፋል፤ ስለ ማታለል፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ መከልከል፣ ስለ አደራ፣ ስለ ብድርና ስለ ግዥ ሽያጭ ሕግ ማውጣትንም ይጨምራል።

ይህ የድሮ ክርክር በዛሬው ዜና ላይ ሲወድቅ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ማየት አያዳግትም። ማይሞኒደስን ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው በመካከሉ ያሉ ታጣቂዎችን ያልዳኘ ሕዝብ በሙሉ ተጠያቂ ነው ወደሚል ድምዳሜ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ምንም እንኳ ማይሞኒደስ የጻፈው ስለ አንዲት ጥንታዊት ከተማ ቢሆንም። ናህማኒደስን የያዘው ግን በደለኛውን ከጎረቤቱ ለይቶ፣ ፈራጁም የመፍረድ ሥልጣን እንዳለው አረጋግጦ ለመናገር ይገደዳል። የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2024 መጨረሻ በእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትርና በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር፣ እንዲሁም በአንድ የሐማስ የጦር አዛዥ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ጥያቄው ይበልጥ ተጋጋለ፤ የአሕዛብ ፍርድ ቤት ማቋቋም የአሕዛብ ትእዛዝ ከሆነ፣ ለእስራኤል ያለው ፍቅር የጸና ኖኃዊ ያንን ችሎት የሚቃወመው በምን ምክንያት ነው? ችሎቱ ሥልጣን የለውም ወይም አድልቷል ብሎ በሕግ መከራከር ይችላል፤ የተከሰሰው ወገኔ ነው የሚለው ግን ለኖኃዊነት የሚበቃ ምክንያት አይሆንም፣ ትእዛዙ የተሰጠው ወገንን ከወገን ሳይለይ ነውና። በዚህ ነጥብ ናህማኒደስ ከማይሞኒደስ ይልቅ ለጽሑፉም ለያዕቆብ ቍጣም የቀረበ ይመስላል።

የቃሉ አጠቃቀም ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። ቤተ እስራኤል ኖኃውያን አይደሉም፤ የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁድ መሆናቸውን የበየኑላቸው፣ የእስራኤልም መንግሥት በ1975 የመመለስ ሕጉን የዘረጋላቸው ማኅበረሰብ ናቸው፤ ስለዚህ «በኢትዮጵያ ያሉ የኖኅ ልጆች» እያሉ እነርሱን መጥራት ስሕተት ነው። በሌላ በኩል አንድ ኖኃዊ «ይሁዲነትን የተቀበለ» ወይም «የአይሁድ እምነት ተከታይ» ተብሎ ሲተረጐም የቃሉ ዋና ፍሬ ይጠፋል፤ ተርጓሚና ጋዜጠኛ ይህንን ቃል ሲያገኝ «ኖኃዊ» ብሎ ይጻፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም «ሰባቱን የኖኅ ትእዛዛት የተቀበለ አሕዛባዊ» በሚል አጭር ፍቺ ያስከትለው።