የእስራኤል ስም በላስታ፥ በዴር ሡልጣንና በአሜሪካ

ስም ይገልጣል፤ ስም ይሸፍናል። በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ ልፍታ የሚል ደቀ መዝሙር ገና እንዳልዘለቀ ይቈጠራል። ከስሞች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰምና ብዙ ወርቅ የተጫነበት ደግሞ «እስራኤል» የሚለው ስም ነው። አንድም ያዕቆብ ሌሊቱን ታግሎ የተቀበለው ስም ነው፤ አንድም የዐሥራ ሁለቱ ነገድ ስም ነው፤ አንድም ሊቃውንት እስራኤል ዘሥጋን ከእስራኤል ዘነፍስ ለይተው እንደሚያስተምሩት የምእመናን ሁሉ ስም ነው፤ አንድም የሰሎሞን ዘር ነን ያሉ የኢትዮጵያ ነገሥታት የነገሡበት ማዕርግ ነው፤ አንድም ግንቦት 6 ቀን 1940 ዓመተ ምሕረት በቴል አቪቭ የታወጀው መንግሥት ስም ነው። እነዚህ አምስቱ በድምፅ አንድ ናቸው፤ በምሥጢር ግን ይለያያሉ። አንዱን በሌላው ስፍራ ያኖረ ሰው ንባቡን ብቻ ሳይሆን ፍርዱንም ያበላሻል።

በአሜሪካ አገር ለእስራኤል መንግሥት ስለሚሰጠው ርዳታና ስለ ፍልስጥኤማውያን መብት የተነሣው ክርክር ሌላም ብዙ ምክንያት ቢኖረው፥ የዚህ ስም መደባለቅ በውስጡ አለበት። ነገሩ ለላስታ ሰው ሩቅ ይመስላል። ዳሩ ግን የኢየሩሳሌምን ስም በዓለት ላይ የጻፈ፥ በእስራኤልም ስም ዙፋኑን ያጣ አገር ቢኖር ላስታ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከሮሐ ጀምሮ መመልከት ይገባል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በ1180 ዓ.ም. ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች እጅ ወሰደ። ቅዱስ ላሊበላም በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በላስታ ነገሠ። የአገሩ ትውፊት፥ ንጉሡ መላእክት ያሳዩትን ሠራ፤ ወደ ቅድስት ሀገር ሲሄዱ በበረሃ የሚያልቁትንም ምእመናን ድካም አይቶ ኢየሩሳሌምን ወደ ደጃቸው አቀረበላቸው ይላል። ሮሐ ትባል የነበረችው ከተማ በስሙ ተጠራች። ከዓለት ከተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው፤ በእርሱም ዘንድ የክርስቶስ መቃብርና የአዳም መቃብር የሚባሉ ስፍራዎች አሉ። በመካከል የሚወርደው ፈፋ ዮርዳኖስ ይባላል፤ በዙሪያውም ደብረ ዘይትና ደብረ ታቦር የተባሉ ኰረብቶች ቆመዋል። እንግዲህ የላስታና የዋግ ገበሬ ስንቁን ተሸክሞ ለልደት በዓል በመጣ ጊዜ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ጎልጎታን ይሳለማል። የኢየሩሳሌም ስም በዚያ ለሰው ሁሉ የተከፈተ ደጅ ሆነ እንጂ የማንም ወገን ዓርማ አልሆነም።

የእስራኤል ስም ግን በዚያው አገር ላይ ሰይፍ ሆኖ ተመዘዘ። በ1262 ዓ.ም. ይኵኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አፍርሶ ነገሠ። ይህም የመንግሥት ለውጥ ለእስራኤል ቤት ርስቱን እንደ መመለስ ሆኖ ተነገረ። በ14ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ ክብረ ነገሥትን ከዐረብ ወደ ግእዝ መለሱ። በመጽሐፉም መጨረሻ ዛጔዎች ከእስራኤል ወገን ስላልሆኑ መጽሐፉ በእነርሱ ዘመን ሳይተረጐም እንደ ቀረ ተመለከተ። የላስታ ሰዎችም በበኩላቸው ነገሥታቶቻቸው ከሙሴና ኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወረዱ ናቸው ይሉ ነበር። እንዲህ ሁለቱም ወገን ከአንድ መጽሐፍ ላይ ተነሥቶ፥ አንዱ በሰሎሞን አንዱ በሙሴ ይሟገት ነበር። በሁለቱም ወገን ያለው ሕዝብ ያው አንድ ጥምቀት የተጠመቀ፥ በአንድ ግእዝ የሚቀድስ ሕዝብ ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሊታሰብ ይገባዋል። ዘውዱን በሰሎሞን ዘር ነገሥታት ላይ ባረከች፤ ነገር ግን በእነዚሁ ነገሥታት ዘመን ገድለ ላሊበላ ተጻፈ። ሰኔ 12 ቀን የቅዱሱ መታሰቢያ ይከበራል፤ ይምርሐነ ክርስቶስና ነአኵቶ ለአብም ከቅዱሳን ጋራ ተቈጠሩ። ከእስራኤል ቤት አይደሉም ተብለው ዙፋን ያጡት ሰዎች በጽድቅ መዝገብ ስማቸው አልተፋቀም። ማን ይንገሥ የሚለውን ጥያቄ ማን ጻድቅ ነው ከሚለው ጥያቄ የለዩት ሊቃውንት፥ ለኋላ ዘመን ትልቅ ትምህርት ትተዋል። የትውልድ ስም ዙፋን ሊሰጥ ይችላል፤ ሥራን ግን አያጸድቅም፥ የሌላውንም ጽድቅ አያጠፋም።

ከላስታዋ ኢየሩሳሌም ወደ ይሁዳዋ ኢየሩሳሌም ቢሻገሩ፥ የኢትዮጵያ መነኰሳት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፥ በዴር ሡልጣን ገዳም፥ በትንንሽ ጎጆዎች ይኖራሉ። በ1830 ዓ.ም. ቸነፈር ገብቶ መነኰሳቱን ፈጀ፤ የገዳሙም መዛግብት ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ግብጻውያን ቁልፉን ይዘው ባለቤትነቱን ተከራከሩ። በ1844 ዓ.ም. የቱርክ መንግሥት በቅዱሳት መካናት ሁሉ የነበረው እንደ ነበረ ይጽና ብሎ ባወጀ ጊዜ፥ ለባለ ቁልፉ መጽኛ፥ ለተገፋው ግን እንቅፋት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተፈራረቁት መንግሥታት ቁልፉን እንዴት እንደ ያዙት ማየት ያስተምራል። በ1953 ዓ.ም. የዮርዳኖስ መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ ለኢትዮጵያውያን ፈረደ፤ ቁልፉንም ሰጠ። ግብጽ በተቈጣች ጊዜ ግን ብዙ ሳይቈይ ፍርዱን ሽሮ ለግብጻውያን መለሰው። ግንቦት 30 ቀን 1959 ዓ.ም. የእስራኤል ጦር አሮጌይቱን ከተማ ያዘ። በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት፥ ግብጻውያን በጸሎት ላይ ሳሉ፥ የሁለቱ ጸሎት ቤቶች የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል መተላለፊያ ቁልፎች ተለወጡ፤ አዲሱም ቁልፍ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። በዚያን ጊዜ እስራኤልና ግብጽ በስዌዝ ቦይ ዳርና ዳር ይተኳኰሱ ነበር፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ግን የእስራኤል ወዳጅ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያ ሌሊት የተደረገው ሕገ ወጥ እንደ ሆነ ፈርዶ ቁልፉ ለግብጻውያን እንዲመለስ አዘዘ፤ ሆኖም መንግሥት ስለ ባለቤትነቱ መርምሮ የሚወስንበትን ጊዜ ሰጠ። ውሳኔው ሳይወሰን ዓመታት ዐለፉ፤ ቁልፉም በኢትዮጵያውያን እጅ ቈየ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በ1962ቱ ሌሊት ደስ ሊለው ይችላል፤ ገዳሙ የአባቶቹ ርስት ነውና። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ በ1953 ቁልፉን የነሣውና በ1962 የሰጠው ያው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመንግሥታት ጥቅም ነው። በፍርድ ያልጸና ስጦታ ወዳጅነት ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጣራ ላይ ያሉት መነኰሳት እስከ ዛሬ የሚሹት ሞገስ ሳይሆን ፍርድ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ራሱ በዚህ ነገር ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» እየተባሉ ሲጠሩ፥ ኅዳር 19 ቀን 1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፍልስጥኤምን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ በሰጠ ጊዜ ኢትዮጵያ ድምፀ ተዐቅቦ አደረገች። የደገፉት 33፥ የተቃወሙት 13፥ የታቀቡት 10 ነበሩ። ኋላ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ጠነከረ፤ የእስራኤል መኰንኖችም የኢትዮጵያን ወታደርና ፖሊስ አሠለጠኑ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ግን ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ከእስራኤል ሲለዩ ኢትዮጵያም ግንኙነቷን አቋረጠች፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስም አልታደሰም። ከይሁዳ አንበሳ ዘውድ በታች ይህ ሁሉ መሆኑ፥ የመጽሐፉ ስም የመንግሥትን ምክር ብቻውን እንደማይመራ ያስረዳል።

አሜሪካውያን ደግሞ ነገሩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋራ ማያያዝ የጀመሩት የእስራኤል መንግሥት ሳይኖር ነው። በ1883 ዓ.ም. ዊልያም ብላክስቶን የተባለ ሰባኪ 413 ታላላቅ ሰዎችን አስፈርሞ፥ አይሁድ ወደ ፍልስጥኤም እንዲመለሱ ይረዷቸው ዘንድ ለፕሬዚዳንት ሃሪሰን ልመና አቀረበ። ትንቢቱ ሁሉ በሥጋዊ እስራኤል ላይ ገና ይፈጸማል የሚለው ትርጓሜም በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ተስፋፋ። ነገር ግን ከዚያው ከፕሮቴስታንቱ ወገን የወጡ ሌሎች ሚሲዮናውያን በ1859 ዓ.ም. በቤይሩት ኮሌጅ አቁመው የዐረብን ልጆች ያስተምሩ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የፍልስጥኤም ነዋሪ ሕዝብ እንዳይበደል ይከራከሩ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዊልሰን የላካቸው ኪንግና ክሬን የተባሉ መርማሪዎች የአገሩን ሰው ጠይቀው፥ የጽዮናውያኑ አሳብ እንዲቀነስ መከሩ። አይሁድም ራሳቸው አንድ ልብ አልነበሩም፤ የአይሁድ መንግሥት እንዳይቆም የሚሟገት ማኅበር በ1930ዎቹ በአሜሪካ በራሳቸው በአይሁድ ተቋቁሟል። እንግዲህ መለያየቱ በአንድ ሃይማኖትና በሌላው መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ጉባኤ ውስጥም ነበር።

ግንቦት 4 ቀን 1940 ዓ.ም. በዋይት ሐውስ ታላቅ ክርክር ሆነ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ማርሻል አዲሱን መንግሥት ፈጥኖ ማወቅ የአገር ውስጥ ምርጫን ለማትረፍ የሚደረግ ነው ብለው ፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃወሟቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እስራኤል በታወጀች በ11 ደቂቃ ውስጥ ትሩማን እውቅና ሰጡ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ አይዘንሃወር እስራኤል ከሲና እንድትወጣ አስገደዱ፤ የራሳቸው አገር ሴናተሮች ግን ተቃወሟቸው። በ1984 ዓ.ም. መባቻም ፕሬዚዳንት ቡሽ ለእስራኤል የተጠየቀውን የ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስትና በማዘግየት ከምክር ቤታቸው ጋራ ተጋጩ።

ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት ግን አንድ የሆኑበት ጊዜ አለ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን መጠለያ የቀሩት ቤተ እስራኤል እንዲወጡ 100ውም ሴናተሮች ፈርመው ለፕሬዚዳንት ሬገን ለመኑ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ሽምግልና ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአየር ተጓዙ። የራበውን ሰው በዓይናቸው ባዩ ጊዜ ተስማሙ፤ ስለ ምድሪቱ ጌታ በተነጋገሩ ጊዜ ተለያዩ።

መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሐማስ ሰዎች በእስራኤል ላይ ወርደው 1200 ያህል ሰው ገደሉ፤ 250 ያህልም ማርከው ወሰዱ። በተከተለው ጦርነት በጋዛ ብዙ ዐሥር ሺህ ፍልስጥኤማውያን አለቁ። የአሜሪካ መከፋፈልም ከቀድሞው ይልቅ ጠለቀ። በየካቲት ወር በሚሺገን ከ100 ሺህ የሚበልጡ የዴሞክራት መራጮች ፕሬዚዳንት ባይደንን ለመገሠጽ ማንንም አልመረጥንም የሚል ድምፅ ሰጡ። ሚያዝያ 12 ቀን ለእስራኤል ርዳታ በቀረበው ሕግ ላይ 366 ሲደግፉ 58 ተቃወሙ፤ ከተቃወሙትም 37ቱ ዴሞክራት፥ 21ዱ ሪፐብሊካን ነበሩ። የልጅና የአባት አሳብ በአንድ ማዕድ ላይ ተለያየ።

ለኢትዮጵያ ካህን ይህ ነገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ከሄዱት ቤተ እስራኤል የተወለዱ ወታደሮች በዚያ ጦርነት ወድቀዋል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጋዛ የቅዱስ ፖርፊርዮስ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በአየር ድብደባ ተመትቶ፥ በዚያ የተጠጉ ክርስቲያኖች ሞተዋል። መዝሙረ ዳዊት በየማለዳው «እስራኤል» ሲል የሚሰማ ምእመን፥ በማታ በራዲዮ «እስራኤል» ሲባል ሰምቶ አንድ ነገር የመሰለው እንደ ሆነ፥ ከሁለቱ ሙታን አንዱን ሳያለቅስለት ይቀራል። ስሙን ሰምቶ የጠላውም እንደዚሁ ነው፤ የአንድን መንግሥት ሥራ ነቅፎ በአይሁድ ዘር ሁሉ ላይ ጥላቻ ቢያበቅል በሌላ በኩል ያው ስሕተት ነው።

የሚያስተምር ካህን ሁሉ ቢያንስ ይህን ሊለይ ይገባዋል፦ እስራኤል ዘነፍስ ድንበር የለውም፥ ጦርም የለውም፤ የዛሬው የእስራኤል መንግሥት ግን እንደ ማንኛውም መንግሥት ድንበርና ጦር አለው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም መንግሥት በሥራው ይመሰገናል፥ በሥራው ይወቀሳል፤ የፍልስጥኤም መሪዎችም እንዲሁ። ይህን መለየት ላስታን ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። በእስራኤል ስም የተሸነፈው ንጉሥ ቅዱስ ተብሎ ሲዘከር ኖሯልና። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. የላሊበላ ከተማ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው እጅ በተመላለሰች ጊዜም፥ ነዋሪዋ ኢየሩሳሌም በወታደር እጅ ስትገባ ምን እንደሚመስል በገዛ ደጁ አይቷል። እንዲህ ያየ ሕዝብ በሩቅ ስላለችው ኢየሩሳሌም ሲጸልይ፥ የሚለምነው የአንዱን ወገን ድል ሳይሆን በዚያች ከተማ ለሚኖር ሁሉ ፍርድና ሰላም ነው።