የጅቡቲ መጸው፦ ከሜኔሊክ አደባባይ ተነሥቶ የሚጎበኙ ስፍራዎች

ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው ሜኔሊክ አደባባይ ቀን ቀን ጭር ይላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከምድረ በዳው የሚነሣው ኻምሲን የተባለ ደረቅ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይመጣል። ዐቅሙ የፈቀደለት ነዋሪ ወደ አርታ ከፍታዎች፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ጥቅምት ሲጋመስ ሁኔታው ይለወጣል። ነፋሱ ይለዝባል፤ ከኅዳር እስከ ጥር የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉ ካፌዎች ወንበሮቻቸውን ወደ ውጭ ያወጣሉ። የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ደግሞ ቤተሰቦችና ወዳጆች ተሰባስበው ከከተማ ይወጣሉ።

ይህ የመዝናኛ ወቅት እስከ ሚያዝያ ገደማ ይዘልቃል። ከከተማዪቱ ውጭ ከሚጎበኙት ስፍራዎች አብዛኞቹ በጨው፣ በጥንት የንግድ መንገድ ወይም በወንዝ ውኃ ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ብዙዎቹም ጥበቃ የሚሹ ናቸው።

አደባባዩና ስሙ

አደባባዩ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ «ሜኔሊክ» የሚለው የስሙ የፈረንሳይኛ አጠራር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1894 እአአ የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ግንባታ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። ወደቡና ከተማዪቱ ያደጉት በአብዛኛው በዚህ መስመር በተመላለሰው ንግድ ነው።

ጅቡቲ ነጻነቷን ባገኘችበት ዕለት መታሰቢያነት አደባባዩ «27 ጁን 1977» ተብሎ ቢሰየምም፣ ነዋሪው ዛሬም በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ሕንፃዎች ከብበውታል። ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከዐረብኛና ከፈረንሳይኛ ጋር አማርኛም በአካባቢው ይሰማል። በከተማዪቱ እንጀራ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። በየመን አሠራር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ በምድጃ የሚጠበሰውና ከስስ ቂጣ ጋር የሚቀርበው ዓሣም የከተማዪቱ መታወቂያ ነው።

ለአንድ ቀን ጉዞ

ጊዜ ያጠረው ሰው በጀልባ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች መሄድ ይችላል። ደሴቶቹ ከከተማዪቱ ፊት ለፊት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ይገኛሉ። በጥልቀት መጥለቅ የማይችል ሰውም በመዋኛ መነጽር ብቻ የዛጎል ድንጋዮችንና በመካከላቸው የሚርመሰመሱትን ዓሦች ማየት ይችላል።

ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ የሚገኘው «ደካን» የዱር እንስሳት መጠለያ ተመራጭ ነው። በመጠለያው ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች እጅ የተወሰዱ አቦሸማኔዎች ይኖራሉ። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በድብቅ የሚሸጡ በመሆኑ፣ ስፍራው ልጆች ስለዚህ ንግድ ጉዳት የሚማሩበት ጭምር ነው።

ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ግራንድ ባራ የተባለው የደረቀ የሐይቅ ወለል ይገኛል። ሜዳው ዐይን እስኪታክት የተዘረጋ ነው፤ ማለዳ ላይ ሚዳቋዎች ይታዩበታል። ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች የሚያልፉትም በዚሁ መንገድ ነው።

ግዙፎቹ ዓሦች የሚመጡበት ወቅት

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የተባሉት ግዙፍ ዓሦች ወደ አርታ የባሕር ዳርቻና ወደ ጉቤት ወሽመጥ ይጠጋሉ። ስማቸው ሻርክ ቢሆንም ሰውን አያጠቁም። ምግባቸው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ፕላንክተን የተባለ ደቂቅ ሕይወት ሲሆን፣ በዚህ ወቅት ወደ ዳርቻው የሚስባቸውም እርሱ ነው። በጅቡቲ የሚታዩት በአብዛኛው ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው፤ ያም ሆኖ ርዝመታቸው ከሰው ቁመት በእጅጉ ይበልጣል።

ዝርያው በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው መካከል ነው። በባሕረ ሰላጤው ከሚታዩት መካከል የጀልባ ሞተር ያቆሰላቸው በርካታ እንደሆኑ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ስለዚህ ጎብኚ ዓሦቹን መንካት ወይም መንገድ መዝጋት የለበትም። ሞተሩን አጥፍቶ ከርቀት የሚጠብቅ ባለጀልባ መምረጥም ይገባል።

አሳል፦ የአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ

ከጅቡቲ ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ ዐሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። የባሕሩ ውኃ ከጉቤት ተነሥቶ በእሳተ ገሞራ አለቶች ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ፀሐይ ውኃውን ስታተን ጨው ብቻ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚገኘው አርዱኮባ በ1978 እአአ የፈነዳ ሲሆን፣ ጥቁሩ የቀለጠ አለት ዛሬም ከነጩ ጨው አጠገብ ይታያል።

የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ጨው እየጫኑ በግመል ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲወስዱ ኖረዋል። በ1841 እአአ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የብሪታንያ ልዑክ ከታጁራ ተነሥቶ ያለፈው በአሳል በኩል ነበር። ልዑኩ የተጓዘው በሙቀቱ ወራት ስለነበር በውኃ ጥም ክፉኛ ተፈትኗል።

አደጋው ዛሬም አልቀረም። የመንን አቋርጠው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ የሚነሡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በዚሁ አካባቢ አልፈው ወደ ኦቦክ በእግራቸው ይጓዛሉ። በመንገድ ላይ በጥምና በድካም ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። በሐይቁ ዳርቻ ጥላም የሚጠጣ ውኃም የለም። ጎብኚ ውኃ አትረፍርፎ መያዝ ይኖርበታል። የጨው ቅንጣቶቹ እንደ ስለት ስለሚቆርጡ ወደ ውኃው የሚገባውም ጫማ አድርጎ መሆን አለበት።

ታጁራና የዴይ ደን

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የምትገኘው ታጁራ በነጫጭ መስጊዶቿ የምትታወቅ ጥንታዊት የሱልጣኖች መቀመጫ ናት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ የጦር መሣሪያ ይዞ በታጁራ ለወራት ተቀምጧል። ቅፍለቱ የተነሣው በጥቅምት 1886 እአአ ሲሆን፣ አንኮበር የደረሰው በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ነው።

ከታጁራ በላይ ከፍታቸው ከ1,700 ሜትር የሚያልፍ የጎዳ ተራሮች አሉ። በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚገኘው የዴይ ደን በኢትዮጵያ ደጋ ከሚበቅለው ጋር አንድ ዝርያ በሆነው ጽድ የታወቀ ነው። ዛፎቹ ከባሕር ከሚወጣው ጉም ርጥበት ያገኛሉ። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በአፋር ባህላዊ ጎጆ የሚያድር እንግዳ ጋቢ ወይም ሹራብ ያስፈልገዋል።

ደኑ ግን ታሟል። አብዛኞቹ የጽድ ዛፎች ቆመው ደርቀዋል። የከብት ግጦሽ፣ የማገዶ ቆረጣና የዝናብ መቀነስ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። በዓለም ላይ ከጅቡቲ በቀር በሌላ ስፍራ የማይታወቀው የጅቡቲ ቆቅ መኖሪያው ይኸው ደንና አቅራቢያው ያሉ ተራሮች ስለሆኑ፣ ከደኑ ጋር አብሮ የመጥፋት ከፍተኛ አደጋ ተደቅኖበታል። ማለዳ ተነሥቶ በጸጥታ የሚጓዝ ሰው የቆቁን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የደረቀ እንጨት ለምድጃ ከመልቀም ይልቅ ጋዝ ይዞ መሄድ ይመከራል።

አቤ ሐይቅ፦ የአዋሽ መጨረሻ

ከደኺል ከተማ አልፎ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ የሚገኘው አቤ ሐይቅ ከሁሉም የሚርቀው ጉዞ ነው። ከሜዳው ላይ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዐምዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ሐይቁ በጥንት ዘመን እጅግ ሰፊ በነበረ ጊዜ ከሥሩ ይፈልቅ የነበረው ፍል ውኃ ያከማቻቸው ናቸው። ዛሬም በአንዳንዶቹ ሥር እንፋሎት ይወጣል። በውኃው ዳር ፍላሚንጎ የተባሉት ቀያይ ወፎች ይሰበሰባሉ።

አቤን የሚመግበው ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው አዋሽ ነው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በዚህ ሐይቅ ያበቃል። ሆኖም ቆቃ ግድብ ከተሠራበት ከ1960 እአአ ወዲህ ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለስኳር አገዳ፣ ለጥጥና ለከተሞች ፍጆታ በስፋት ሲውል ቆይቷል። ድርቅም ተደራርቦበት ሐይቁ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በጣም ሸሽቷል። ቀድሞ ውኃ ያለበሰው መሬት ዛሬ ጨዋማ ጭቃ ሆኗል። በአዋሽ ዳር የሚለማው እያንዳንዱ እርሻ በዚህ የሐይቅ ዳርቻ ከሚኖሩት የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽ ጋር የተያያዘ መሆኑ እዚህ በግልጽ ይታያል።

ጭቃው ሰውንም መኪናንም ስለሚያሰጥም የአካባቢውን መንገድ መሪ ሳይዙ መግባት አይገባም። ዐምዶቹ እጅግ ደምቀው የሚታዩት ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ በመሆኑ ብዙዎች አንድ ሌሊት ያድራሉ።

ለተጓዥ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን፣ በመኪና፣ እንዲሁም ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ናጋድ በተባለው ስፍራ ጣቢያ ባለው በአዲሱ ባቡር ወደ ጅቡቲ መጓዝ ይቻላል። የባቡሩን የመንገደኛ መርሐ ግብርና የቪዛ መስፈርቱን ከመነሣት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እአአ ጀምሮ በ1 የአሜሪካ ዶላር 177.7 ገደማ ሆኖ ጸንቶ የሚመነዘር ነው። ኑሮው ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። ወደ አሳል፣ ወደ ዴይና ወደ አቤ ለመጓዝ ዐራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ተከራይቶ ወጪውን ለብዙ መካፈል የተለመደ ነው።

በአገሪቱ የበርካታ መንግሥታት የጦር ሰፈሮች ስላሉ ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና ወታደራዊ ተቋማትን ፎቶ ማንሣት ችግር ያስከትላል። ሰዎችንም፣ በተለይ በገጠር ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው። በገጠሩ ስልክ በየስፍራው ስለማይሠራ፣ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ከተማ ለሚቀር ሰው መንገር ለደኅንነት ይበጃል።