ሥልጣኔ ምን ጎደለው?
ሰሞኑን በሬዲዮም በጋዜጣም «የሜሶፖታሚያ ሲቪላይዜሽን» ማለት በዝቷል። «ሥልጣኔ» ምን ጎደለው? የተውሶው ቃል ሥሩ በላቲን «ዜጋ» ማለት ነው። የእኛው ግን ገዛ፣ በረታ ከሚል የግእዝ ግሥ ይወጣል፤ «ሥልጣን» ወንድሙ፣ የዐረብኛው «ሱልጣን» ዘመዱ ነው። ዛሬ ፎቅና ስልክ ባየን ቁጥር «ሠለጠንን» እንላለን፤ ለዚያስ «ዘመናዊነት» ይበቃው ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ፣ በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ በነበረችው በሜሶፖታሚያዋ ከተማ በኡሩክ፣ የጎተራ ሹማምንት የገብሱን ገቢና ወጪ በጭቃ ጽላት ላይ ይመዘግቡ ነበር። «በላ» ለማለት የሰው ራስ ይስሉና ከአፉ ዘንድ ሳህን ያስጠጋሉ። እንዲያ ያለ ሳህን፣ በችኮላ የተሠራ ሸካራ ሸክላ፣ ከፍርስራሹ በገፍ ወጥቷል፤ ብዙ ተመራማሪዎች የቀለብ መስፈሪያ ነው ይላሉ። እህሉን የሚሰፍረው ሹም ሠራተኛውንም ያዝዝ ነበር። ታዲያ ለኡሩክ «ሥልጣኔ»ን የሚያህል ቃል ከየት ይመጣል? ሥልጣኑን በውስጡ ይዟል እኮ! ስለ ከተማ ኑሮ ብቻ ስናወራ ደግሞ «ከተሜነት» አለልን።