የማክሰኝት አገር ርስት፥ መንገድና የጥንት ፍርስራሽ

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ እንፍራዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የዚህን አገር ታሪክ ሊያውቅ የሚወድ ሰው ሦስት ነገር ይመልከት፤ ፍርስራሹን፥ መንገዱንና መሬቱን።

ጎንደር ሳትቆረቈር አስቀድሞ ነገሥታት በዚህ ዙሪያ ይከትሙ ነበረ። በእንፍራዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። ኋላም ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ከተሙ፤ በዚያም በ1618 ዓ.ም. በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ፊት ለሮም ፓፓ ለመታዘዝ በአደባባይ ማሉ። ስለዚህም አገር በሃይማኖት ተከፈለ፤ ወንድምም በወንድሙ ላይ ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ግን ንጉሡ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ፤ የደንቀዝም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ።

መንገዱም ነጋዴና ሠራዊት የተመላለሰበት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች በዚሁ መንገድ በቁልቋል በር መሽገው ነበረ፤ ምሽጉም ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦርና በአርበኞች እጅ ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላም ጎንደር ነጻ ወጣች።

መሬቱ ግን የሕዝቡ ሕይወት ነበረ። በበጌምድር ባለ ርስት የሚባለው በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቈጥሮ ድርሻውን የሚያስረዳ ነው፤ ሴትም እንደ ወንድ ትወርስ ነበረ። ጉልት ግን ሌላ ነው፤ ንጉሥ ለመኰንን ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመብላት መብት ነው እንጂ አፈሩ አልነበረም። ቀዳሹና መሪጌታው በመሬት ይተዳደሩ ነበረና፥ መሬት ከሌለ አገልግሎት ይታጐል ነበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ይህ ሥርዓት አበቃ። አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበርና፥ ቅዳሴውም ማኅሌቱም ከዚያ ወዲህ በምእመናን እጅ ጸንቶ ኖረ።

እንግዲህ የነገሥታቱ ግንብ ጠባቂ አጥቶ ፈረሰ፤ ጉልቱም በዐዋጅ አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው አላጣችምና ቆመች። ለልጅ የሚተላለፈው ርስትም ይኸው አገልግሎት ነው።