ከምስጋና ቀን በኋላ ያለው ሰኞ

በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ወላጅ ልጁን አስከትሎ አጋዘን አደን የሚወጣበት ልማድ ከጥንት የወረደ ይመስላል፤ እኔ ግን የሕግ ልጅ ነው ባይ ነኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለገበያ የሚታደነው አጋዘን ከግዛቱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ያንሰራራው በ1895 (እ.ኤ.አ.) የአራዊት ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ከሌሎች ግዛቶች አጋዘን ተገዝቶ መጥቶ፣ በ1907 ደግሞ ሴቷን አጋዘን መግደል ተከልክሎ ነው። ልጁ ለአደን የሚለብሰው ብርቱካናማ ሰደሪያና ቆብ እንኳ በሕግ የተለካ ነው፤ በራስ፣ በደረትና በጀርባ ተደምሮ ቢያንስ 250 ስኩዌር ኢንች።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሌናፔዎች ከዚያ አስቀድሞ ልጆቻቸውን አደን ያስተምሩ አልነበረምን? ያስተምሩ ነበር፤ ጥበቡ ጥንታዊ መሆኑን አልክድም። የዛሬው አዳኝ የሚከተለው አውሬ ግን በክልከላ የተረፈው ነው። ትምህርት ቤት ሳይቀር ያዘጋ የነበረው፣ ከምስጋና ቀን በኋላ ያለው የአደን ወቅት መክፈቻ ሰኞም የጀመረው በ1963 ነው። በ2019 ወደ ቅዳሜ ሲዛወር ብዙዎች ባህላችን ተነካ ብለው አዘኑ፤ ያን ጊዜ ሰኞዋ ገና 56 ዓመቷ ነበር።