ማሲንቆን በሁለት ጆሮ

ወረታ ላይ «ፒክአፕ» ቢባል ሰው ዞር ብሎ የሚያየው መንገዱን ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውን፣ ወይም እዚያው ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መኪና። እኛ የምናወሳው ሌላውን ፒክአፕ ነው፤ ክራርና ማሲንቆ ላይ ተገጥሞ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ትንሽ ዕቃ። ነገሩ የቴክኒሻን ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን የታሪክ ጉዳይም ነው እንላለን። ነገ የአዝማሪውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚሰማው ዛሬ የተቀዳውን ብቻ ነውና።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቶማስ ኤዲሰን የድምፅ መቅጃውን የሠራው በ1877 ነው። በ1906 አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ድምፅ በሰም ሲሊንደር ቀድቶ ሄደ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀዱ። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በሸክላ ሥራ ውስጥ አልገባም፤ ዘፋኙ ወደ ትልቅ ጡሩምባ ይዘፍናል፣ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን ይነዳል። ማይክሮፎን ቦታውን የያዘው ከ1925 ወዲህ ነው። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1931 እና በ1932፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ከጊታር ክር አጠገብ አድርገው ኤሌክትሪክ ጊታርን ለገበያ አበቁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ነው። ክራር የብረት ክር ከታሰረለት በዚህ ፒክአፕ ይጮኻል፤ የማሲንቆ ክር ግን የፈረስ ጭራ ነው። ማግኔት ጭራን ምን ያውቀዋል! ስለዚህ ለማሲንቆ የሚስማማው ፒዬዞ የሚባለው ነው፤ ይህም የኪዩሪ ወንድማማቾች በ1880 ባገኙት ጠባይ ይሠራል፤ አንዳንድ ክሪስታል ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

አሁን ይህን ዕቃ ይዘን ፎገራ ሜዳ እንውረድ። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ለሩዙ የሚበጀው እርጥበት የማሲንቆን ቆዳ ያላላዋል፤ አዝማሪውም እሳት ዳር ያሞቀዋል። በላላ ቆዳ ላይ ፒክአፕ ሲለጠፍበት ክብደቱ ራሱ ድምፁን ያፍነዋል። ሰርግ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ዳሱ በከበሮ፣ በጭብጨባና በእልልታ ሲናወጥ ማይክሮፎን ብቻ ይዞ የገባ ሰው ጭራውን ከጫጫታው መለየት ያቅተዋል። ያኔ ፒክአፑ ባለውለታ ነው።

ታዲያ ማይክሮፎኑን ለምን አንጥለውም? ምክንያቱም አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ቅኔው ሰምና ወርቅ ከሆነ፣ ወርቁ መያዙን የሚነግረን የቤቱ ሳቅ ነው። አንዳንዴም ድንገተኛ ዝምታው። ፒክአፕ የዕንጨቱን ንዝረት እንጂ የሰውን ሳቅ አይሰማም። በፒክአፕ ብቻ የተቀዳ አዝማሪ ሰሙ ተጽፎ ወርቁ የተቀደደበት መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር ነው። ይሁንና ማጣመር ማለት ዝም ብሎ መደባለቅ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማይክሮፎኑ ከማሲንቆው 34 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ከፒክአፑ በሰከንድ አንድ ሺኛ ይዘገያል። ሁለቱ በእኩል ኃይል ሲቀላቀሉ በሰከንድ 500 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገበው ድምፅ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ፣ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ከዚያም 1500ው፣ 2500ው እንዲሁ። ቅጂው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ጥፋቱም የማሲንቆው ይመስላል!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፒክአፑን በአንድ መስመር፣ ማይክሮፎኑን በሌላ መስመር ለየብቻ መቅዳት። ከዜማው በፊት የማሲንቆውን ገላ አንዴ በጣት ኳ ማድረግ፤ ይህ ምት በሁለቱም ላይ ስለሚቀረፅ በኋላ የዘገየውን ወደፊት ስቦ ማገጣጠም ይቻላል። እዚያው ዳሱ ውስጥ አንድ ላይ ከቀላቀሉት ግን አለቀ፤ ወተትና ውሃ ከተቀላቀለ በኋላ ማን ይለየዋል?

እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የጽሑፍ ምንጭ ሲሰጠን ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ተወው ብለን እንጠይቃለን። የድምፅ ቅጂም ያው ምንጭ ነው። በዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ አብዛኞቻችን በኪሳችን መቅጃ አለ። አዝማሪውን አስፈቅደን፣ ዋጋውን ከፍለን፣ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግበን፣ ጭራውንም ሰውንም እንቅዳ። ዕቃው አንድ ብቻ ከሆነና መምረጥ ግድ ከሆነብን ማይክሮፎኑን እንምረጥ። የጭራው ድምፅ ቢደበዝዝ ሌላ አዝማሪ ሊመልሰው ይችላል፤ የዚያን ማታ ሳቅ ግን የሚመልሰው የለም።